የጠፋችው የመሀል ቁልፍ

መስቀልን አገር ቤት ያልዋለ የጉራጌ ልጅ ምክንያቱን ለዘመድ አስረድቶ ለመጨረስ እስከሚቀጥለው መስቀል ጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ የ2017 ዓ.ም. መስቀል ዓርብ ሊውል፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ እጄ ላይ ያላለቀ ሥራ ቢኖርም ለእናቴ የገዛሁትን ጋቢና ላፕቶፔን ይዤ በቡታጅራ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሥራውን መንገድ ላይ አየዋለሁ፣ የቀረውን እናቴ ቤት እጨርሰዋለሁ የሚል ዕቅድ ነበረኝ። አለም ገናን እንዳለፍን ቦርሳዬን ብበረብር ማውሴ የለም። ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል።

“ምን ችግር አለው፣ ላፕቶፕ አይደል? ተችፓድ አለው” የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር።

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ያን ሰሞን በእጄ የነበረው ወልቂጤ አቅራቢያ የሚሠራ የአንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ፕላን ሲሆን፣ ከበዓሉ በኋላ ሰኞ መስከረም 20 ቀን ቁፋሮ ሊጀመር ቀጠሮ ተይዟል። ንድፉ አልቋል፤ የቀረው ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ ማየት ነበር። በአውቶካድ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው ይህ “ማየት” የሚባለው ነገር ሁለት እንቅስቃሴ አለው። የማውሱን ጎማ ስታሽከረክሩ ስዕሉ ይቀርባል ወይም ይርቃል። ጎማውን ወደ ታች ተጭናችሁ እጃችሁን ስታንቀሳቅሱ ደግሞ ስዕሉ እንዳለ ይንሸራተታል፤ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ወረቀት በመዳፍ እንደ መግፋት ማለት ነው። የማውስ ጎማ መሽከርከሪያ ብቻ ሳይሆን የሚጫኑትም ቁልፍ መሆኑን የማያውቅ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። ሦስተኛዋ፣ የመሀሏ ቁልፍ እሷ ናት።

ተችፓድ ላይ ማቅረቡና ማራቁ በሁለት ጣት ይሠራል። ማንሸራተቱ ግን የለም። ፒ የምትለዋን ፊደል መትቶ ኢንተር መጫን፣ ከዚያ በግራ ቁልፍ ይዞ መጎተት፣ ሲጨርሱ ኢስኬፕ ብሎ መውጣት ይቻላል። አንድ ጊዜ ከሆነ ምንም አይደል። አንድን ፕላን በደንብ ለማየት ግን በደቂቃ ውስጥ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ማንሸራተት ያስፈልጋል። ሌላው ዘዴ ስዕሉን አርቆ፣ ቀስቱን ወደሚፈለገው ቦታ ወስዶ፣ መልሶ ማቅረብ ነው። ከቲያ እስከ ቡኢ ባለው መንገድ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጎኔ የተቀመጡት እናት የያዙት ዶሮ በየመሀሉ ክንፉን እያራገበ፣ እንዲህ ሳርቅና ሳቀርብ ቆየሁ። በመጨረሻ የሕንፃውን መሀል ክፍል በደንብ አየሁ፤ ዳር ዳሩን ግን ከሩቅ ገረፍ አድርጌ “ተመልክቻለሁ” ብዬ ዘጋሁት። ይህቺን “ተመልክቻለሁ” አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ነገሩ የአርክቴክቶችና የኢንጂነሮች ጣጣ ብቻ ነው ብላችሁ ግን ገጹን እንዳታልፉት። የመሀሏ ቁልፍ ኢንተርኔት በሚያነብ ሰው ሁሉ እጅ ላይ ሥራ አላት። ፋየርፎክስም ሆነ ክሮም ላይ አንድን ሊንክ በመሀል ቁልፍ ስትጫኑት፣ ያላችሁበት ገጽ ሳይነካ አዲሱ ከኋላ በሌላ ታብ ይከፈታል። ታቡን ራሱን በመሀል ቁልፍ ስትጫኑት ደግሞ ይዘጋል፤ ያቺን ትንሽ የኤክስ ምልክት ማነጣጠር የለም። ባዶ ቦታ ላይ ስትጫኑት ዊንዶውስ አንዲት ክብ ምልክት ያሳያችሁና ገጹ ማውሱን ተከትሎ በራሱ ይወርዳል (ይህ ሳያስቡት ሲመጣ ኮምፒዩተሩ የተበላሸ የሚመስላቸው አሉ፤ እንደገና መጫን ብቻ ነው መፍትሔው)። ከስክሪኑ ግርጌ በተደረደሩት የፕሮግራም ምልክቶች ላይ ስትጫኑት የዚያኑ ፕሮግራም ሁለተኛ መስኮት ይከፍታል።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ አገር ሰው የመጀመሪያው ይበልጣል። ኔትወርክ ደህና በሆነባት ሩብ ሰዓት ውስጥ የሚነበቡትን ገጾች ሁሉ ከኋላ አስከፍቶ መደርደር፣ ከዚያ ኔትወርኩ ሲዳከም ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ማንበብ አዲስ አበባ ላይ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን የዕለት ተዕለት ብልሃት ነው። ማውስ ለሌለው ደግሞ እዚህ ላይ ቀላል ምትክ አለ፤ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዞ ሊንኩን በተለመደው መንገድ መጫን ያንኑ ሥራ ይሠራል። አፕል ማክ ያላችሁ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ የሚለውን ትይዛላችሁ። ለንባብ ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ ጽሑፉን እዚህ ላይ ብታቆሙት አልቀየምም።

ለመሆኑ ይህቺ ቁልፍ ላፕቶፕ ላይ ሲደርስ ለምን ጠፋች? ጠፋች ከማለት ይልቅ ቦታ ሳይሰጣት ቀረ ማለቱ ይሻላል። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1968 ሳንፍራንሲስኮ ላይ ማውስን ለሕዝብ ሲያሳይ የያዘው ባለ ሦስት ቁልፍ ነበር። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1973 የሠራው አልቶ የተባለው ኮምፒዩተርም ሦስት ነበረው። አፕል ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ሊዛን ሲያወጣ ተጠቃሚው የትኛውን ልጫን ብሎ እንዳይደናገር በማለት አንድ ቁልፍ ብቻ አስቀረ። የማይክሮሶፍት ጎራ በሁለት ረጋ። በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት የነበሩት የዩኒክስ ሰዎች ብቻ ሦስቱን አጥብቀው ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤም.አይ.ቲ. የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው የተባለው ሥርዓት ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስን ታሳቢ ያደረገ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ባለ ጎማ ማውስ ሲያወጣ ጎማው ይጫን ስለነበር ሦስተኛዋ ቁልፍ በጓሮ በር ወደ ሰፊው ሕዝብ ተመልሳ ገባች።

ችግሩ ተችፓድ በዚያን ጊዜ ቅርጹን ይዞ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 ፓወርቡክ 500ን ባለ ተችፓድ አድርጎ ሲያወጣ ቁልፉ አንድ ነበር፤ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ሁለት አደረጉት። ጎማ የለ፣ መሀል የለ። በኋላ ደግሞ ሁለቱም ቁልፎች ጠፍተው ፓዱ በሙሉ አንድ ወደ ታች የሚጫን ሰሌዳ ሆነ። የእኔ ላፕቶፕ እንዲህ ያለው ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ የሚጨበጥ ነገር ግን የለውም።

ወደ ቡታጅራ ልመለስ። ሐሙስ የደመራ ዕለት ማውስ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ጉራጌ አገር በመስቀል ዋዜማ ሱቅ ተከፍቶ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህንን መጻፌ ራሱ ያስቃል። መርካቶ እንኳ በመስቀል ጭር ትላለች፣ ባለ ሱቁ ሁሉ እኛው አገር ገብቶ! አንድ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ቤት አገኘሁ፤ በሩ ላይ ያለው ልጅ “ባለቤቱ ገጠር ቤተሰቦቹ ጋ ወርዷል፣ ቁልፉም ከሱ ጋር ነው” አለኝ። እንኳን አደረሰህ ተባብለን ተለያየን።

ቤት ስመለስ የአክስቴ ልጅ መጥቶ አገኘሁት። ጉብሬ ካለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለበዓል የመጣ፣ ኮምፒዩተር የሚያጠና ልጅ ነው። ነገሩን ስነግረው፣

“ጋሼ፣ በሦስት ጣት ሞክረሃል?” አለኝ።

ሞከርኩ። ሦስት ጣቴን አንድ ላይ አድርጌ ፓዱን ነካ ሳደርገው የዊንዶውስ የፍለጋ ሳጥን ተከፈተ። ልጁ ሳቀ፤ ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ ነው የሚልከው። መለወጫው ሴቲንግ ውስጥ አለ። በዊንዶውስ 11 ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ ተችፓድ የሚል ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ትሪ ፊንገር ጀስቸርስ የሚለውን ከፍታችሁ ታፕስ ከሚለው ትይዩ ያለውን ዝርዝር ሚድል ማውስ በተን ወደሚለው መለወጥ ነው። በዊንዶውስ 10 ዲቫይስስ በሚለው በኩል ይገባል እንጂ ሌላው ያው ነው። ይህ ገጽ የማይታይበት አሮጌ ላፕቶፕ ሲያጋጥም ደግሞ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ማውስ የሚለውን ከፍቶ በመጨረሻው ታብ ላይ የፓዱ ሠሪ ኩባንያ ያስቀመጠውን የራሱን መስኮት ማየት ነው፤ ሲናፕቲክስ ወይም ኢላን የሚል ስም ይኖረዋል። እዚያ የሦስት ጣት ምርጫ ያላቸውም የሌላቸውም አሉ።

ለወጥኩና ፋየርፎክስ ላይ ሞከርኩት፤ ሊንኩ ከኋላ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ አውቶካድን ከፈትኩ። ምንም። ስዕሉ ንቅንቅ አይልም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ምክንያቱን ላስረዳ። በሦስት ጣት ነካ ማድረግ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው “የመሀል ቁልፍ ተጫነ፣ ወዲያውም ተለቀቀ” የሚል ነው። ሊንክ ለመክፈት ይህ ይበቃል። ማንሸራተት ግን ተጭኖ መያዝን፣ እንደያዙም መንቀሳቀስን ይጠይቃል። ሦስት ጣቶቻችሁን ሳታነሱ ልግፋ ብትሉ ዊንዶውስ ያንን እንቅስቃሴ ለሌላ ሥራ ይወስደዋል፤ መስኮቶችን መቀያየሪያ አድርጎታል። ስለዚህ ስኬችአፕ ላይ ቤቱን ለማዞር፣ ብሌንደር ላይ ለመዟዟር፣ አውቶካድ ላይ ለማንሸራተት የሦስት ጣቱ ዘዴ አይረዳም።

እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ መውጫ አለው። ኪውጂአይኤስ ላይ ስፔስ ባርን ይዞ ቀስቱን ማንቀሳቀስ ካርታውን ያንሸራትታል። አርክማፕ ላይ ሲ የምትለውን ፊደል ይዞ መጎተት ነው። ብሌንደር ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስን በአልት የሚተካ ምርጫ በፕሪፈረንስ ውስጥ አለው። ስኬችአፕ ላይ ኦ ለማዞር፣ ኤች ለማንሸራተት ነው። አውቶካድ ግን እንዲህ ያለ የሚያዝ ቁልፍ ስላልሰጠኝ የአክስቴ ልጅ ሌላ ነገር አመጣ፤ አውቶሆትኪ የሚባል ነጻ ፕሮግራም። በስልኩ ኔትወርክ አወረደው፣ ትንሽ ነገር ስለሆነች ብዙ አላስጠበቀችንም።

አውቶሆትኪ የኪቦርድን አንድ ቁልፍ ሌላ ቁልፍ ነኝ እንዲል ያደርገዋል። የምንሠዋው ቁልፍ የቱ ይሁን በሚለው ላይ አልተከራከርንም፤ ካፕስ ሎክ ነው። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ካፕስ ሎክ ሳናውቀው ሲበራ ፊደሉ ሁሉ ተዘበራርቆ ስንት መስመር እንዳጠፋን እናውቃለን፤ ማንም አያለቅስለትም። የሚጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። ካፕስሎክ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ያለ ክፍተት ይጻፋል፣ ቀጥሎ ሁለት ኮለን ተያይዞ ይገባል፣ ቀጥሎ ኤም የምትለዋ ፊደልና በተን የሚለው ቃል ተያይዘው ይጻፋሉ። አለቀ። መሀል ላይ ያለው ምልክት ቁርጥ የኛን አራት ነጥብ ይመስላል፤ በአማርኛ ኪቦርድ ከጻፋችሁት ግን ፕሮግራሙ አያውቀውም። እኔ ይህንኑ አድርጌ አምስት ደቂቃ አባክኛለሁ። ፋይሉ መጨረሻው ኤ፣ ኤች፣ ኬ በሆነ ስም ይቀመጥና ሁለቴ ሲጫኑት ይጀምራል። አውቶካድን በአድሚኒስትሬተር መብት የምትከፍቱ ከሆነ ይህንንም በዚያው መብት ክፈቱት፣ አለበለዚያ አይተዋወቁም። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ የያዛችሁ ደግሞ አይቲ ክፍሉን ሳታስፈቅዱ እንዳትጭኑ፤ ጠብ ይመጣል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንድ ላፕቶፕ ኪቦርድ ሲነካ ተችፓዱን ለአፍታ ያደነዝዘዋል፤ ስንጽፍ መዳፋችን ቀስቱን እንዳያንቀሳቅሰው ተብሎ የተደረገ ነው። ይህ ካስቸገራችሁ እዚያው የተችፓድ ሴቲንግ ውስጥ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ወደ መጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ አድርጉት። ሁለተኛ፣ የመሀል ቁልፍ ስትጫኑ አውቶካድ ስዕሉን በማንሸራተት ፈንታ የአማራጮች ዝርዝር ካወጣባችሁ፣ ኤምበተንፓን የሚባለው መለኪያ ዜሮ ሆኗል ማለት ነው፤ ስሙን በትእዛዝ መስመሩ ላይ ጽፋችሁ 1 አድርጉት።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ግማሹን ትድናላችሁ። ነካ በማድረግ መጫን የሚለው ከበራ ሦስት ጣት ያለ ምንም ማስተካከያ የመሀል ቁልፍ ነው። ጠንቀቅ የምትሉት ከዚያ የድሮ የዩኒክስ ልማድ ነው፤ የመሀል ቁልፍ በመጨረሻ በማውስ ያጠቆራችሁትን ጽሑፍ ቀስቱ ያለበት ቦታ ላይ ይለጥፋል። ኮፒ ማለት እንኳ አይጠይቅም። የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ አንድ የክፍል ጓደኛው የይለፍ ቃሉን እንዲህ አድርጎ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ቴሌግራም ላይ ለጥፎታል። ማክ ላይ ደግሞ በሴቲንግ ውስጥ የመሀል ቁልፍ የሚባል ነገር አይገኝም፤ ሚድልክሊክ ወይም ቤተርተችቱል የተባሉ ከውጭ የሚመጡ ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ።

ደመራው ሐሙስ ማታ ነደደ፣ ዓርብ ክትፎው ተበላ፣ እንግዳው ሸኘ። ማታ እናቴ “አሁንም ከዚህ ጋር ነህ?” እያለችኝ ላፕቶፑን ከፈትኩና በግራ እጄ ካፕስ ሎክን ይዤ፣ በቀኝ ጣቴ ፕላኑን እየገፋሁ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ሚኒባስ ውስጥ ገረፍ አድርጌ ባለፍኩት በሰሜኑ ጥግ፣ ቀያሹ ባመጣው መረጃ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ አለች። የጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ናት፣ በእጅ የተቆፈረች። የክሊኒኩን የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ያስቀመጥኩት ከሷ 11 ሜትር ላይ ነው። በሙያችን ቢያንስ 30 ሜትር እንላለን። ይባስ ብሎ መስመሮቹን ስከታተል መሬቱ ከማጠራቀሚያው ወደ ጉድጓዷ ቁልቁል ይሄዳል።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ያንን ጥግ ቀርቦ ማየት አሰልቺ ስለነበር አላየሁትም። ሰኞ ጠዋት ኤክስካቫተሩ ከገባ በኋላ ብነቃ ኖሮ ወጪው አንድ ነገር ነው፤ ጨርሶ ባልነቃስ? የዚያ ግቢ ሰዎች ከዚያች ጉድጓድ ይጠጣሉ።

ቅዳሜ ፎርማኑ ጋ ደውዬ “እኔ ሳልደርስ በሰሜን በኩል አንዲት አካፋ እንዳታነሱ” አልኩት። “ኢንጂነር፣ ደህና ነህ?” አለኝ። እሑድ ወልቂጤ ገባሁ። ቡታጅራና ወልቂጤን የጉራጌ ተራሮች በመሀል ገብተው ስለሚለያዩአቸው በካርታ ላይ የሚመስሉትን ያህል አይቀራረቡም። ሳይቱን የሚከታተለው የሥራ ባልደረባዬ የሰነበተች ቲንክፓድ አለችው፤ እኛ “መቼ ነው ሙዚየም የምታስገባት?” እያልን የምንቀልድባት። ያን ቀን ግን ቀናሁበት። ቲንክፓድ በኪቦርዱ መሀል ቀይ እንክብል፣ ከተችፓዱ በላይ ደግሞ ሦስት ቁልፍ አለው። መሀሏ ቁልፍ እውነተኛ ቁልፍ ናት፣ በጣት ይዘዋት ይቆያሉ።

የሱም ቢሆን መጀመሪያ አልሠራልንም፤ ቁልፏን ይዤ ቀይዋን ስገፋ ስዕሉ በማንሸራተት ፈንታ ይቀርብና ይርቅ ጀመር። ፋብሪካው ያቺን ቁልፍ ገጽ ለማውረድና ለመውጣት ስለመደባት ነው። ማውስ በሚለው የሴቲንግ መስኮት ውስጥ የመሀል ቁልፉን ሥራ ከማውረድ ወደ ተራ የመሀል ቁልፍነት ስንለውጠው ተስተካከለ። ባልደረባዬ ላፕቶፗን አራት ዓመት ሲጠቀምባት ይህንን አያውቅም ነበር። ቀያሹን አስጠርተን፣ ማጠራቀሚያውን ከግቢው በታች በኩል ወዳለው ጥግ አዛውረን፣ ከጉድጓዷ 38 ሜትር አድርገን፣ አዲሱን ፕላን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አሳተምን።

አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁና ሁለት የሚጨበጡ ቁልፎች ያሉት ከሆነ፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ መጫን በብዙዎቹ ላይ እንደ መሀል ቁልፍ ይቆጠራል፤ ሊኑክስ ላይ ራሱን የቻለ ምርጫ አለው። ይዞ ማንሸራተትም ይቻላል። አውራ ጣትን ያደክማል እንጂ ይሠራል።

አዲስ አበባ ስመለስ ማውሴ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተውኩት ተቀምጧል። ሳላጠፋው ነው የሄድኩት፤ ባትሪው አልቋል።